መውጫ የሌለው ውኃ

ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሐይቅ ደረስኩ። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ጠዋት አባርቷል። ከላይ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ ተነስቶ ቁልቁል የሚመጣው ወንዝ ከሐይቅ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ ሣሩ ላይ ቆሜ ብዙ ሰዓት አየሁ። ወንዙ ደፍርሶ የቡና አተላ መስሏል። ሐይቁ ከመሐሉ ሰማያዊ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ቶሎ አይዋሐዱም፤ ድፍርሱ በጥሩው ላይ እንደ ምላስ ይዘረጋና ራቅ ሲል እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ከዓይን ይጠፋል።

አጠገቤ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ መረባቸውን ዘርግተው የተበጠሰውን ይቋጥራሉ። «አባባ፣ ይኼ ሁሉ አፈር የት ይሄዳል?» አልኳቸው።

ቀና ሳይሉ መለሱልኝ። «የት ይሄዳል ልጄ? ወንዝ ቢሆን ይዞት ይሄድ ነበር። ይኼ እንደሁ መውጫ የለው። የገባ ሁሉ እዚያው ነው ያለ።»

ይህ ንግግር ከዚያ ቀን ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣም። ሐይቅን ከዚያ በፊትም አውቀዋለሁ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል በወልድያ መንገድ ሄዶ የሚገኝ፣ ሎጎም የሚባል፣ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋትና ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውኃ መሆኑን ተምሬያለሁ። መውጫ የሌለው መሆኑም ተጽፎ አንብቤያለሁ። ነገር ግን ነገሩን እንደ ሽማግሌው «የገባ ሁሉ እዚያው ነው ያለ» ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

የወሎ ደጋ ውኃ ሁሉ መሄጃ አለው። ከተራራው ጀርባ ወደ ምዕራብ የወረደው ጠብታ በበሽሎ በኩል ዓባይን ይቀላቀልና ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ባሕር ይገባል። ወደ ምሥራቅ የወረደው በሚሌ በኩል አዋሽን ይዞ አፋር በረሃ ላይ ይቀራል። በሁለቱ መሐል ሐይቅ ተቀምጧል፣ አይሄድም። እዚህ ዙሪያ ያለው ተራራ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየተሸራረፈ ወደዚህ ጎድጓዳ ይወርዳል። ከተራራው ጋር ደግሞ ተራራው ላይ የኖረው ሰው ያደረገው ሁሉ አብሮ ይወርዳል፤ ያቃጠለው ደን ከሰል፣ ያረሰው ማሳ አፈር፣ የዘራው አበባ ብናኝ። የአገር ታሪክ ለማየት ሽቅብ ወደ አምባ የምንወጣ ሰዎች፣ እውነተኛው መዝገብ ቁልቁል ከውኃ በታች መሆኑን አናስብም።

ስሙ ራሱ ያስተክዛል። ዛሬ በአማርኛችን ሐይቅ ስንል ውኃውን ነው። በግዕዝ ግን ሐይቅ ማለት ዳርቻ፣ የባሕር ጠረፍ ነው። ቃሉ ከዳር ተነስቶ ወደ መሐል ገባ። ገዳሙ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሄደ። ሐይቅ እስጢፋኖስ በጥንት ዘመን ደሴት ነበር፣ በጀልባ ካልሆነ የማይደረስበት። ውኃው ሲሸሽ ደሴቱ በአንድ ወገን ከየብስ ተያያዘ፤ ዛሬ በእግር ይኬድበታል። መሐል የነበረው ዳር ሆነ። ስሙን ያወጡለት አባቶች ይህን አስቀድመው ያዩ ይመስል፣ ቦታው ውሎ አድሮ የስሙን ፍቺ ሆነ።

የአካባቢው ሰው ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚናገረው አንድ ታሪክ አለ። በዚህ ቦታ፣ ውኃ ሳይኖርበት፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት። እግዚአብሔር ተቆጣ። ነፍሰ ጡሯ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያው ሁሉ ውኃ ሆነ፤ ልዕልቲቱና ዘመድ ወዳጆቿ ሰጠሙ። ሴቲቱ የተቀመጠችበት ደሴት ሆኖ ቀረ፣ ገዳሙም የተተከለው እዚያ ላይ ነው። ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የሚገርመኝ የውኃው ቁጣ አይደለም። ዛሬ ሴት የማትገባበት ገዳም የቆመበት አፈር፣ በሰዎቹ ትዝታ አንዲት የተበደለች ሴት ተቀምጣ የዳነችበት መሆኑ ነው። ይህን የሚናገር ሰው ሲናገር አይከራከርም፣ አያነጻጽርም፤ እንደሰማው ያወርሳል።

ገዳሙ በትውፊት ከዛጉዌ በፊት፣ በድልናኦድ ዘመን ተመሠረተ ይባላል። የታወቀው ግን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ነው። ዳኅና ተወልደው፣ ደብረ ዳሞ ላይ ከአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ወደዚህ ደሴት መጡ። እ.ኤ.አ. በ1293 እስካረፉ ድረስ ትምህርት ቤት አደረጉት። በገድላቱ እንደምናነበው አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ ተቀምጠው ተምረዋል። ጣና ላይ የዳጋ እስጢፋኖስን ያቀኑት አባ ኂሩተ አምላክም የዚሁ ደሴት ልጅ ናቸው። ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ዙፋኑን ሲይዝ የሐይቁ መነኩሴ እጅ ነበረበት የሚለው ትውፊት ለገዳሙ አበ ምኔት ትልቅ ክብር አመጣ። ዐቃቤ ሰዓት የሚለው ማዕረግ ከዚህ ነው፤ በቤተ መንግሥት ማን መቼ ወደ ንጉሡ እንደሚገባ የሚያውቅ፣ ሰዓት የሚጠብቅ። ዝምታ ፍለጋ በውኃ የተከበበ መነኩሴ የንጉሥ ደጅ ጠባቂ ሆነ።

እኔን ግን ከማዕረጉ ይልቅ አንድ መጽሐፍ ይይዘኛል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል አለ፤ ዘመኑ ተጽፎባቸው ከተገኙት ባለሥዕል የኢትዮጵያ ብራናዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። የራሳቸው ምስል ተስሎበታል። በኋላ ዘመን የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ገብቶበታል። ብራና ማለት የፍየል ወይ የበግ ቆዳ ነው፤ ቀለሙ ከጥላሸትና ከቅጠል ይበጃል። ይህ መጽሐፍ እንግዲህ ከተራራው የተቀዳ ነው። በዚያ ዘመን እነዚህ ተዳፋቶች ላይ የጋጠች ፍየል ቆዳ፣ ከዚህ ከተቆረጠ እንጨት የተጠረበ ገበታ። ከሰባት መቶ አርባ ዓመት በላይ አልፎ፣ የዚያ ዘመን ሣር አሁንም በሆነ መልኩ ገጽ ሆኖ ይገለጣል።

ሌላው ወፍጮ ነው። የጋስጫው አባ ጊዮርጊስ በልጅነቱ ወደዚህ ገዳም ለትምህርት ተልኮ እንደነበር ገድሉ ይናገራል። በኋላ መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፈ፣ አርጋኖንንና የሰዓታትን ጸሎት የደረሰ ሰው፣ በትውፊት ሰባት ዓመት ትምህርት አልገባው ብሎ ነበር። ፊደል እምቢ ሲለው ለማኅበሩ እህል ይፈጭ ነበር ይባላል። አስቡት፤ ጓደኞቹ ዜማ እያዜሙ፣ እሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲገፋ። በቤተ ክርስቲያናችን ጥልቅ የሚባለው ቃል ከዚያ ጉልበት የወጣ ነው። ያንን ጊዜ የባከነ ነው የሚል ሰው ወፍጮ አያውቅም። ወፍጮ እህሉን ብቻ አይደለም የሚፈጭ።

አሁን ወደ ጭቃው ልመለስ።

ከሃያ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች ከሐይቅና ከአርዲቦ ወለል ደለል አወጡ። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ ረጅም ቱቦ ከጀልባ ላይ ወደ ታች ይወርድና ጭቃው ውስጥ ይገፋል፣ ሲመለስ እንደተጠቀለለ ጨርቅ ዘመን በዘመን ላይ ተደርቦ ይወጣል። ከላይ ትናንት፣ ከታች ሺህ ዓመት። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በየደረጃው የአበባ ብናኝና የከሰል ብናኝ ይገኝበታል። ብናኝ ደግሞ ቅርጹ እንደ ሰው አሻራ ነው፤ የዝግባ ከጽድ፣ የጽድ ከወይራ ይለያል።

የወጣው ታሪክ እንዲህ ነው። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት እነዚህ ተራሮች የዝግባና የጽድ ደን ነበሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት አካባቢ ደኑ ተመነጠረ። በቦታው ክትክታና ሣር መጣ፤ እንዲያው ሆኖ ወደ 1,800 ዓመት ኖረ። ልብ በሉ፣ አክሱም ገና ስሙ ሳይወጣ እዚህ ተዳፋት ላይ ምሳር የያዘ ሰው ነበር። ስሙን አናውቅም፣ ቋንቋውን አናውቅም፤ ያቃጠለውን ግን ሐይቁ ይዞታል። አባ ኢየሱስ ሞዓ ጀልባ ላይ ተቀምጠው ወደ ደሴቱ ሲቀዝፉ ዙሪያቸውን ያዩት ድንግል ደን አልነበረም። እሳቸውም የመጡት ለረጅም ዘመን በሰው እጅ የቆየ አገር ውስጥ ነው።

ከዚያ ደግሞ ያልጠበቅነው ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ደኑ ተመለሰ። ጽዱ ከወይራው ጋር ተራራውን መልሶ ሸፈነው። ዝግባው ግን እንደ ድሮው ሊመለስ አልቻለም፤ አንዴ ሄዷል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው የግራኝ ጦርነት ነው። ሰው ተሰደደ፣ ማሳው ጠፍ ሆነ፣ ደን በቀለ ብዬ ለመደምደም ቸኮልኩ። ዘመኑን ስቆጥር ግን ደኑ መመለስ የጀመረው ጦርነቱ ከመምጣቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው፣ መንግሥቱ በዚህ አገር በጸናበት፣ ገዳሙ በከበረበት ዘመን። ምናልባት ዝናብ በርክቶ ይሆናል። ጭቃው ከመጽሐፋችን ጋር ሁልጊዜ አይስማማም፣ አይጣላምም። የራሱን ይናገራል። እኛ ዘመኑን በነገሥታት ስም እንከፍላለን፣ ጽዱ ግን ማን እንደነገሠ ሳይጠይቅ ይበቅላል።

እ.ኤ.አ. ከ1700 ወዲህ ያለው ሦስት መቶ ዓመት ደግሞ እንደገና የመመንጠር ነው። አፈሩ መታጠብ በዛ። ዛሬ በተራራው ላይ አሮጌ ጽድና ወይራ ማየት የፈለገ ሰው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ፈልጎ ይሂድ።

ከዚያ በፊት ግን የግራኝ ጦርነት መጣ። ጥቅምት እ.ኤ.አ. 1531 አምባሰል ላይ አፄ ልብነ ድንግል ተሸንፈው ለጥቂት አመለጡ። ከዚያ በኋላ የኢማም አሕመድ (ግራኝ) ሠራዊት ሐይቅ ዳር ሰፈረ። ከሠራዊቱ ጋር የነበረው ጸሐፊ ሺሃብ አድ ዲን ይህን በዐረብኛ መዝግቦታል። መነኮሳቱ በውኃ ተከበው ጀልባቸውን ይዘው ተቀመጡ፣ ወታደሮቹ ታንኳ መሥራት ያዙ። በመጨረሻ መነኮሳቱ ሀብታቸውን አስረክበው ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይቃጠል ለመኑ፣ ልመናቸውም ተሰማ። ይህ ታሪክ ሲነገር ሁለት ወገን እንደየስሜቱ ይነግረዋል። እኔ የማስበው ያንን የድርድር ሰዓት ነው። አንዱ ወገን ወርቅ ይፈልጋል፣ ሌላው ቤቱን። በሁለቱ መሐል አንድ ሰው በጀልባ ተመላልሶ መሆን አለበት። ማን እንደነበር አልተጻፈም።

ከዚያም በኋላ የመጡት ኦሮሞዎች ናቸው። ዛሬ የአገሩ ሁሉ ስም የሆነው ወሎ የእነሱ ነገድ ስም ነው፤ ከዚያ በፊት ቤተ አምሐራ ይባል ነበር። ቤተ አምሐራ ወሎ ሆነ፣ ቋንቋው አማርኛ ሆኖ ቀረ፣ ሃይማኖቱ ሁለት ሆነ፤ ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ስም ውስጥ ታገኙታላችሁ። ራሱ ሙሐመድ፣ አያቱ ገብረ ማርያም። ወይም ራሷ ማርያማዊት፣ እናቷ ዘሀራ። ሌላ አገር ይህ መነጋገሪያ ይሆናል። እዚህ ስም ነው። ሟቹ ታሪክ ጸሐፊ ሁሴን አሕመድ ስለ 19ኛው መቶ ዘመን የወሎ እስልምና የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ ያየነው አንድ ነገር ይህ ነው፤ የወሎ ሸሆች ታሪክ ከነገሥታቱ ታሪክ ጎን የሚቆም እንጂ ከሥሩ የሚተኛ አይደለም።

ነገሩ ሁሉ ማር አልነበረም። ከደሴ ወደ ሐይቅ ስትመጡ መንገዱ ቦሩ ሜዳን አቋርጦ ያልፋል፣ ሰፊና ነፋሻ ሜዳ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ አድርገው ወሎ ክርስትና እንዲነሣ አዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። ሸህ ጠልሃ ጃዕፈር እምቢ ካሉት አንዱ ናቸው። ስንት ሰው ቀን አንድ ስም፣ ማታ ሌላ ስም ይዞ እንደኖረ ሜዳው ቢናገር! የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ በዚያ ሜዳ ላይ ከብት ያግዳሉ፣ በመኪና ያልፋሉ። ያ ሁሉ ሐዘን የት ሄደ ብሎ ለሚጠይቅ፣ የዓሣ አጥማጁ መልስ ነው ያለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ቤታቸው ቡና ጠሩኝ። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ባለቤታቸው ጀበናውን አውጥተው በስኒው ቀዱና «ጀባ» አሉኝ፣ ስኒውን በሁለት እጅ እያቀበሉ። ቄጠማው ላይ ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። የተጠበሰ ቆሮሶ ቀረበ። ሐይቅ መጥቶ ዓሣ ያልበላ ሐይቅ አልመጣም ሲባል ስለኖርኩ፣ የአባት አያቶች ምግብ እየበላሁ መሰለኝ። ሽማግሌው ግን ቆሮሶው ወደዚህ ውኃ ሲጣል በዐይናቸው አይተዋል፤ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው። «ያኔ እንስቅ ነበር» አሉኝ። «ከሩቅ አገር ዓሣ አምጥቶ ውኃ ላይ መዝራት? አሁን ልጆቼን እሱ አበላቸው።» እኔ ጥንታዊ ያልኩት ነገር ከሳቸው ዕድሜ ያነሰ ነበር።

ባለቤታቸው ቶናውን ሲቀዱ ወደ ሰሜን የሚታየውን አምባ አሳዩኝ። አምባሰል። ሕዝቡ ስሙን በማር ነው የሚተረጉመው፤ አሰል በዐረብኛ ማር ነውና፣ የማር አምባ። ዐረብኛውና አማርኛው በአንድ ተራራ ስም ውስጥ ተጋብተዋል። የአምባሰል ገዥ ጃንጥራር ይባል ነበር፤ እቴጌ መነን የጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው። ዜማው ግን ከገዥዎቹ ሁሉ ርቆ ሄደ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬ፣ አምባሰል፤ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የዚህ ተራራ ስም ይዟል። አምስት ድምፅ ብቻ። ማሪቱ ለገሠ ስትዘፍነው የሰማ ሰው ሁለተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው ላይ ምን ያህል ተጠግቶ እንደሚያቃስት ያውቃል። አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም፣ ቴላቪቭም ያለ መሰንቆ መቺ ክሩን አጥብቆ «አምባሰል ነው» ሲል፣ ይህን ድንጋይ ይጠራል፣ አይቶት የማያውቅ እንኳ ቢሆን።

አምባሰል ወረዳ ውስጥ ግሸን አለች። ስለ ግሸን ብዙ ተብሏል፤ እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው። ግሸን መውጫ የሌላት ተራራ ነበረች። ዙሪያዋ ገደል ስለሆነ ነገሥታቱ ወንድሞቻቸውንና የወንድም ልጆቻቸውን ዙፋን እንዳይሹ እዚያ ያስቀምጡ ነበር። በንጉሥ ደም የተወለደ ሕፃን በዚያ አምባ አድጎ፣ ጺም አብቅሎ፣ ሸብቶ ሊሞት ይችል ነበር። ከዚያ የሚወጣው ሊነግሥ ሲጠራ ብቻ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ እንዲህ ከግሸን ወርደው እ.ኤ.አ. በ1434 ነገሡ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ደግሞ የክርስቶስን ግማደ መስቀል በመስቀል ቅርጽ በተሠራችው አምባ ያሳረፉት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ነው በየዓመቱ መስከረም 21 ሕዝቡ ከየአገሩ በእግሩ ወደዚያ የሚጎርፈው።

ይህን ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዙ ቀን አሰብኩ። አንድ ሰው የታሰረበትን ቦታ ከተፈታ በኋላ እንዴት ያየዋል? አንዳንዱ ያፈርሰዋል። አንዳንዱ ስሙን መስማት አይወድም። ዘርዓ ያዕቆብ ግን ካላቸው ሁሉ የላቀውን ነገር ወደዚያ ላኩ። ጨካኝ ንጉሥ ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ሳይቀር አልማሩም፣ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም ያቺ አምባ ለሳቸው የእስር ቤት ትዝታ ብቻ ሆና ቢሆን ኖሮ መስቀሉን እዚያ አያኖሩትም ነበር ብዬ አምናለሁ። የወጣትነታቸው ዝምታ እዚያ ነበር።

የግሸን እስረኞች ወሬ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ አገር ደረሰ። ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 ባወጣው ግጥሙ «የአማራ ተራራ»ን ጠራው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ራሴላስ የሚባል የሐበሻ ልዑል ከተከበበበት ያማረ ሸለቆ ለመውጣት ሲደክም የሚያሳይ ልቦለድ ጻፈ። አንዳቸውም ኢትዮጵያን አላዩም። ራሴላስ የሚጨነቀው ስለ መውጫ ነው። ለዚያ ልቦለድ መነሻ የሆነው አምባ ሕዝብ ግን ዛሬም ድረስ በየዓመቱ ሊወጣበት የሚደክመው ወደ ውስጥ ነው፣ ስንቁን አንግቦ፣ በእግሩ፣ ሽቅብ።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን መንገዱን ብትቀጥሉ ውጫሌን ታገኛላችሁ። ይስማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣልያኑ ወኪል አንቶኔሊ የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። አንቀጽ 17 በአማርኛው የፈቃድ፣ በጣልያንኛው የግዴታ ሆኖ ተጻፈ፤ ከዚያ የመጣውን ሁሉም የሚያውቀው ነው። ስለ ግሸን ያን ያህል ተክዤ ስለ ውጫሌ ይህን ብቻ ማለቴ ታሪኩ አንሶብኝ አይደለም። ስለ እሱ የሚናገር ብዙ ነው። የአካባቢው ገበሬ ግን በዚያች ቀን ምን እንደዘራ፣ የነጋሢው ሠፈር ስንት በሬ እንደበላበት የሚናገር የለም።

ወሎ ስሙ በዓለም ከውጫሌም ከግሸንም ይልቅ በረሃብ ታወቀ። 1965፣ 1966። ደግሞ 1977። ከዚህ ተዳፋት ሰው በአውቶቡስና በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ ለሠፈራ ሄደ። ከዚያ ያልተመለሰ ብዙ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በዚሁ መንገድ አለፈ፣ ሐይቅ ከተማም በፍርሃት ቆየች። ቡና የጠሩኝ ባልና ሚስት ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቁ ብዙ አይናገሩም። «አብሽር፣ አለፈ» አሉኝ እናትየው፣ እኔን እያጽናኑ፣ እኔ እሳቸውን ማጽናናት ሲገባኝ። በረካው ቀዝቅዞ ነበር፤ ደግመው አሞቁልኝ።

ስለ ሐይቁ ሽማግሌው ያሉኝ ነገር እውነት ነው፣ ግን ሙሉው አይደለም። ውኃ ገብቶ የማይወጣበት ጎድጓዳ ውሎ አድሮ ጨው ይሆናል፤ አፋር ውስጥ ያሉትን ማየት በቂ ነው። ሐይቅ ግን የሚጠጣ ውኃ ነው። ላዩ ላይ መውጫ ባይኖረውም ከሥሩ፣ በድንጋዩ ስንጥቅ፣ ሳይታይ ይሰርጋል። ሟሙቶ መሄድ የሚችለው ይሄዳል። አፈሩና ከሰሉ ይቀራል። ይህን ስረዳ ስለ ሰዎቹም ገባኝ መሰለኝ። ቂም ቢጠራቀምና መውጫ ባያገኝ ኖሮ ይህ አገር እንደ አፋር ሐይቅ ጨው በሆነ ነበር፤ ግራኝ፣ ቦሩ ሜዳ፣ ረሃቡ፣ ጦርነቱ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተቀምጠው። አንድ ቤት ውስጥ ዒድም ፋሲካም የሚበላበት አገር ከየት መጣ? የሆነ ቦታ፣ ከሥር፣ ማንም ሳያይ ይሰርጋል። በቡናው ይሁን፣ በጋብቻው፣ በለቅሶው፣ የት እንደሆነ በጣት ማሳየት አልችልም።

በማግሥቱ ጠዋት ከከተማው በላይ ወዳለው ተዳፋት ወጣሁ። ያደረው ጎርፍ የአንድ ገበሬን እርከን ሰብሮታል። ሰውየው ከልጁ ጋር ድንጋይ ከታች እየለቀሙ፣ ሽቅብ ተሸክመው ይመልሳሉ። ጤፉ ገና ለጋ ነው፤ በተሰበረው በኩል ያለው አፈር ተጠርጎ ነጭ ሥር ተጋልጧል። ቁልቁል ሐይቁ ይታያል፣ ዳሩ ላይ ቡኒ ቀለበት አበጅቷል። የሱ ማሳ አፈር ነው እዚያ የሚታየው።

ሰላምታ ሰጥቼ ሻንጣዬን አስቀመጥኩና ድንጋይ ማቀበል ጀመርኩ። ማንም ምን ትሠራለህ አላለኝም። ከጎርፉ ቦይ ካነሳኋቸው አንዱ ከሌላው ይለያል፤ አንድ ፊቱ ለስልሶ እንደ መዳፍ ጎድጎድ ብሏል። አፈሩን በጣቴ ጠርጌ አየሁት። የወፍጮ ስባሪ ነው። የሰው ጉልበት ብዙ ዘመን የተንበረከከበት፣ ብዙ እህል ያለፈበት፣ ከዚያ ተሰብሮ የተጣለ። የማን ይሆን ብዬ ለሰውየው አሳየሁት።

ተቀብሎ ገለበጠው። ልስላሴውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«የድሮ ሰዎች ነው» አለኝ። ከዚያ የተሰበረውን እርከን አየት አደረገና ክፍተት ፈልጎ፣ ጎድጓዳውን ወደ ውስጥ አዙሮ ሰካው። በተረከዙ መታ መታ አደረገው። አልተነቃነቀም።

«ይኼ ይይዛል» አለና ሌላ ድንጋይ እንዳቀብለው እጁን ዘረጋ።